እናቴ «አርፋለች» የተባለ ዕለት

እናቴ የራሷን ለቅሶ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከሚሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቀን በብርሃን የሆነ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፤ እኔም ያኔ እናቴ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ታሪኩን ለሰው መንገር ስጀምር ሳቄ ይመጣል፤ መሃል ላይ ስደርስ ግን ብዙ ጊዜ ሳልጨርሰው ቀርቻለሁ። በጽሑፍ ይሻለኛል ብዬ ነው ዛሬ የጀመርኩት።

የዚያን ጊዜ ደሴ የምማር ልጃገረድ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሚሴ ወላጆቼ ዘንድ እከርማለሁ። በስተርጅና የወለዱኝ አንድ ልጃቸው ስለሆንኩ ምላሴ ረዥም ነበር፤ የሚቆጣኝም አልነበረም። አባቴ መምሬ ወልደየስ ቄስ ነበሩ። እኩዮቻቸው ፀሐይ እየሞቁ በሚውሉበት ዕድሜ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ዳገት ይወጡ ነበር። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ሲመለሱ እግራቸውን በሞቀ ውሃ የማጥባቸው እኔ ስለነበርኩ እብጠቱን አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ «አባባ፣ እግዚአብሔር ጡረታ አያወጣም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሱ ራሱ መች ጡረታ ወጣና!» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እረፍት ቢያምራቸውም የሚተካቸው አልነበረም። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። በአራት አይቀደስም። የኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ነበረች፤ ከአባባ ሌላ አንድ ቄስ ብቻ ነበራት፣ ዲያቆናቱም ትርፍ የላቸውም። አባባ አንድ ቀን ከቀሩ ቅዳሴው ታጎለ ማለት ነው።

እናቴ ጥሩነሽ ትባላለች። አባባ «ጥሩዬ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን አብራቸው ኖራ «አንቱ» ማለቷን አልተወችም። የመሥዋዕቱን ስንዴ የምትለቅመው እሷ ነበረች። ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ በጣቷ እየዳበሰች ጠጠሩን ታወጣዋለች። ከአጥር ወዲያ ጎረቤቶቻችን ጋሼ እንድሪስና ሚስቱ እትዬ ሞሚና ነበሩ። ጋሼ እንድሪስ ባቲ እየተመላለሰ ይነግዳል፤ ለቅዳሴው ወይን የሚሆነውን ዘቢብ መርጦ የሚያመጣልን እሱ ነው። ዘቢቡን ለአባባ ሲሰጥ «በውዱዕ ነው የያዝኩት መምሬ፣ አይጠራጠሩ» ይላል። ከመስገዱ በፊት እንደሚታጠበው ታጥቦ ነው ማለቱ ነው። አባባም ይስቃሉ።

በዚያ ክረምት እማዬ በደረቷ ታመመች። ከክሊኒኩ የመጣው ድሬሰር መርፌ ወጋትና ደሴ ውሰዷት አለን። እሷ ግን በጭነት መኪና ተንገጫግጬ መንገድ ላይ አልሞትም ብላ እምቢ አለች። ንስሐዋን ለሌላኛው ቄስ ተናዘዘች። ከዚያ አንድ ጧት አባባን አልጋዋ አጠገብ ጠራቻቸው።

«ዛሬ ሥጋ ወደሙን ያምጡልኝ» አለቻቸው።

በኛ ዘንድ መቅረብ ላልቻለ ሕመምተኛ ቅዳሴው እንዳለቀ ካህኑ የቅዳሴ ልብሱን ሳያወልቅ፣ ከፊቱ ዲያቆን ቃጭል እያሰማ፣ ከላይ ጃንጥላ ተይዞ ቁርባኑ እቤት ድረስ ይመጣለታል። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ላይ ተጀምሮ ወደ ማታ ገደማ ነው የሚያልቅ። እስከዚያ የሚቆርብ ሰው እህል ውሃ አይቀምስም።

«ለታመመ ውሃ አይከለከልም ጥሩዬ» አሏት አባባ። «ከንፈርሽ ደርቋል።»

«እንደማይከለከል አውቃለሁ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ጾሜን ነው የተቀበልኩት። ዛሬ ለመጨረሻው ልቅመስ?»

አባባ አልተከራከሩም። ቆርበው የተጋቡ ሰዎች ናቸው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሲወጡ ደጃፍ ላይ ጋሼ እንድሪስን አገኙትና «እንድሪስ፣ ብርቱ ነገር ከመጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚቀመጡት መነኩሴ፣ ለአባ ንገርልኝ፤ እሳቸው ያሰሙኛል» ብለው አደራ ሰጥተው ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እማዬ ጨነቃት። ትንፋሿ እየተቆረጠ እጇ አልጋውን ይቧጥጣል። እኔና እትዬ ሞሚና ግራና ቀኝ ይዘን ደገፍናት። እትዬ ሞሚና ጥጥ በውሃ ነክራ ወደ ከንፈሯ ስታቀርብ እማዬ ፊቷን አዞረች።

«አቦ ጥሩነሽ፣ አላህ ለታመመ ጾምን አንስቶለታል እኮ!» አለቻት እትዬ ሞሚና። «የኛ እንዲያ ነው፣ የናንተስ እንዲያ አይደለም?»

«የኛም እንዲያ ነው» አለች እማዬ፤ ጥጡን ግን አልተቀበለችም።

ከዚያ በድንገት ጭንቁ ለቀቃት። ትንፋሿ ተስተካከለ፣ ግንባሯ ላብ አወጣና እንቅልፍ ወሰዳት። ለቀናት እንደዚያ አልተኛችም ነበር። ጋሼ እንድሪስ በበሩ አንገቱን አስግጎ አያትና ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! መምሬ እዚያ ቆመው በሐሳብ እያለቁ ነው። ልሂድና ልባቸውን ላሳርፍላቸው» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲያውም «ቶሎ ድረስ» ብዬዋለሁ።

ጋሼ እንድሪስ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ በር ጠባቂውን አባን አገኛቸው። የተናገረውን ቃል በኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት አድርገው ነግረውናል። «ለመምሬ ይንገሩልኝ አባ። እትዬ ጥሩነሽ አሁን አርፋለች። አያስቡ ይበሏቸው» ነው ያለው። አባም ቃል ሳይመልሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ቸኮሉ። ጋሼ እንድሪስ የምሥራች ሊያደርሱ የቸኮሉ መስሎት እየፈነጠዘ ተመለሰ።

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ ሳይገባችሁ አይቀርም። ለጋሼ እንድሪስ አርፋለች ማለት ሕመሙ ፋታ ሰጣት፣ ጋደም አለች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለተቀመጡ መነኩሴ ግን አርፋለች ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

መልእክቱ ከአባ ወደ ዲያቆኑ፣ ከዲያቆኑ ወደ አባባ ጆሮ ደረሰ። ቅዳሴ የጀመረ ቄስ አቋርጦ አይወጣም። ዲያቆኑ በኋላ እንደነገረን አባባ ዓይናቸውን አንዴ ጨፍነው ገለጡና ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም ነበር። ሕዝቡ ቆርቦ ሲያበቃ ዲያቆኑ ቀስ ብሎ «ለእትዬ የተባለውስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ለሕያው ሰው ነው የሚሰጠው ልጄ» አሉት። የተረፈውን ካህናቱ ተቀበሉ፣ ጽዋው ታጠበ፣ ሁሉም አለቀ።

እማዬ የነቃችው ቅዳሴው ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷ ጥርት ብሏል። «ስንት ሰዓት ሆነ? አልመጡም?» አለችኝ። ገና መልስ ሳልሰጣት ከዳገቱ በኩል ኡኡታ ተሰማ። የብዙ ሴቶች ለቅሶ ነው፤ እየቀረበ መጣ።

እማዬ ጆሮዋን ሰጠች። «ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ እማዬ።»

«ያቺ የምትጮኸው አስካለ ናት እኮ! ማን ሞቶባት ይሆን፣ ምስኪን!» አስካለ በአንዲት ዶሮ ሰበብ ከእማዬ ጋር ከተኳረፈች የከረመች ጎረቤታችን ናት።

ለማየት ወጣሁ። አባባ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከፊት ይመጣሉ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «ወይ ጥሩነሽ! ወይ ጥሩዬ!» ይላሉ። እኔን በሩ ላይ ሲያዩ ለቅሶው ጨመረ። አስካለ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እናትሽን ሳልታረቃት!» እያለች ትንሰቀሰቃለች። «እማዬ እኮ ነቅታለች» አልኩ። የሰማኝ የለም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ያን ጊዜ ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቀባበለ ዝም አለ።

አባባ ያለፉት እኔን ገፍተው ነው። ተከትያቸው ገባሁ። እማዬ በክንዷ ተደግፋ ቀና ብላለች።

«መምሬ፣ እኔን ነው እንዴ የሚያለቅሱት?»

አባባ አልጋው አጠገብ ደርሰው ቆሙ። እሷ ፊታቸውን አየች፣ ከዚያ እጃቸውን አየች። ጃንጥላ የለም፣ ቃጭል የለም፣ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት።

«አላመጡልኝም?» አለች።

አባባ ተንበርክከው አልጋው ጫፍ ላይ ግንባራቸውን ደፉ። እኚያን ሰው እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። «አለቀ ጥሩዬ። አርፋለች አሉኝ። የቀረ የለም» አሏት።

እማዬ እጇን የአባባ ጥምጣም ላይ አሳርፋ «አይዞዎት። ለቅሶዬም ደኅና ነበር። አስካለ እንኳ አልቅሳልኛለች» አለችና ወደ እኔ ዞራ «በይ ውሃ አምጪልኝ፤ አሁንማ ማን ሊከለክለኝ» አለችኝ። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ያን ሁሉ የታገሰችው ጥም በከንቱ ቀረ። ውሃው በአገጯ ሲወርድ በነጠላዬ ጠረግሁላት።

ጋሼ እንድሪስ ሲሰማ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠ፤ ግባ ቢሉት አልገባ አለ። «ምላሴ ይቆረጥ መምሬ! እኛ ለሞተ ሰው ሞተ ነው የምንል፣ በኦሮምኛም ዱቴ፣ ሞተች ነው የምንል። አርፋለች ያልኩት እንቅልፍ ወስዷት ነው፤ ወላሂ ልብዎን ላሳርፍ ብዬ ነው!»

«አንተ እውነቱን ነው የተናገርከው እንድሪስ» አሉት አባባ። «አርፋ ነበር። ክፉ የተናገረ ሰው የለም።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እማዬ በጣም ደክማ ነው ያደረችው። ማንም ያየ ሰው ቀኗ እንደደረሰ ያውቃል። አባባ እጇን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቀትሩም እየቀረበ ነው።

«ይሂዱ እንጂ» አለቻቸው።

«ሄጄ ባትቆዪኝስ?»

«ብቆይ ያመጡልኛል። አንቱ ከቀሩ ግን ማንም አያመጣልኝም።»

እኔ አልቻልኩም። «አባባ፣ ዛሬ ቢቀሩ ምን ይሆናል? ዕድሜዎን ሁሉ አገልግለዋል፤ አንድ ቀን ለሚስትዎ ቢተዉላት እግዚአብሔር ይቀየማል?» አልኳቸው። እየጮህኩ ነበር።

«እኔ ካልሄድኩ አራት ነን» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ተነሡ፣ ግንባሯን ሳሟት፣ መቋሚያቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ይዘው ቆሙ። ወደ ኋላ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሳይዞሩ ወጡ።

እማዬ እንደገና ውሃ እምቢ አለች። ዓይኗን ጨፍና ከአልጋዋ ላይ ቅዳሴውን መከተል ጀመረች። ስንት ዘመን የሰማችው ነገር ነው፤ የትኛው ጊዜ ላይ ምን እንደሚባል ታውቃለች። በሹክሹክታ «አሁን ወንጌሉ እየተነበበ ነው» ትለኛለች። ትንሽ ትቆይና «አሁን መምሬ እጃቸውን ታጠቡ» ትላለች። እትዬ ሞሚና አልገባትም፤ ግን እጇን ይዛ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያለች ታጽናናታለች። ከደጅ የገበያው ጫጫታ፣ የከብቱና የግመሉ ጩኸት ይሰማል። እኔ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቶሎ ይበሉ፣ ቶሎ ይበሉ።

«እግዚኦታው አለቀ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ከዚያ በኋላ የሚሰማው በጭንቅ ነው። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። «ድርገት ወረዱ» አለችኝ። ካህናቱ ሊያቆርቡ ወጡ ማለቷ ነው። ከዚያ ስትቆርብ እንደምታደርገው ነጠላዋን በእጇ ከአገጯ ሥር ያዘች፣ አፏን በትንሹ ከፈተች፣ ጠበቀች። ስትጠብቅ ትንፋሿ ቆመ።

እትዬ ሞሚና ልትጮህ አፏን ስትከፍት በእጄ ያዝኩት። «እንዳትጮሂ! አባባ ይዘው እየመጡ ነው» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ያለ ድምፅ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ ቃጭሉ ተሰማ። መጀመሪያ ከዳገቱ፣ ከዚያ ከገበያው ጥግ። የገበያው ጫጫታ ቃጭሉ በሚያልፍበት በኩል ሁሉ እየጠፋ መጣ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ከቆላ የመጡት ግመሎቻቸውን ከመንገድ ይስባሉ፤ እህል የሚሰፍሩት መስፈሪያውን ይዘው ቆመዋል። አብዛኛው ሰው እስላም ነው፤ መምሬ ለሚስታቸው ምን ይዘው እንደሚሄዱ ግን ከሚሴ ሁሉ ሰምቷል። አባባ ከጃንጥላው ሥር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሊሮጥ ጥቂት በቀረው እርምጃ ይመጣሉ።

ደጃፉ ላይ ደረሱና ቆሙ። እኔን አዩኝ፤ እኔ ወደ አልጋው ዞርኩ። እትዬ ሞሚና ፊቷን ሸፈነች። ዲያቆኑም ጃንጥላ ያዡም የሚናገር ሰው ይፈልጋሉ። ከትናንት ጀምሮ ከደጃፋችን ያልራቀውና ሁሉን ያየው ጋሼ እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ሞታለች መምሬ» አለ። «ዛሬ ሞታለች ነው የምልዎት።»

ለቄስ፣ ያውም ስለ ገዛ ሚስቱ፣ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው በኛ ዘንድ የለም። አባባ ግን ለእሱ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከደጃፉ አልጋው ይታያል። ተመለከቷት። አፏ አሁንም በትንሹ እንደተከፈተ ነበር። የያዙትን ይዘው ማልቀስም፣ ወድቀው ማቀፍም አይችሉም።

«እንመለስ» አሉት ዲያቆኑን።

ቃጭሉ ወደ መጣበት ተመለሰ። ገበያው እንደገና ጸጥ አለ። እኔ ከኋላቸው እያየኋቸው ዳገቱን ሲወጡ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሆነው ታዩኝ። ሲመለሱ የቅዳሴ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ለብቻቸው ነው የመጡት። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጾሟን ነው የሄደችው?» ብለው ነው።

«አዎ አባባ።»

«ውሃ እንኳ?»

«እምቢ አለች።»

«የሷን ድርሻ እኔው ተቀበልኩላት» አሉና ላይዋ ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የጮህነው።

እናንተስ በሳቸው ቦታ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? እኔ ለብዙ ዓመት አልሄድም ነበር እል ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ደሴ ከመመለሴ በፊት፣ እጇን ይዘው ቢሸኟት አይሻልም ነበር ወይ ብዬ በምሬት ጠየቅኋቸው። «የሄድኩት እሷ ልካኝ ነው» አሉኝ። «የላከችኝንም ይዤ መጣሁ። ደጃፍ ድረስ አደረስኩ። ከደጃፍ ወዲያ ያለው የኔ አልነበረም።» መልሱ አላጽናናኝም፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አያጽናናኝም። ግን አገልግሎት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ነው። ሁልጊዜ የምናደርሰው ነገር ይደርሳል ማለት አይደለም፤ እሳቸው በማግስቱም፣ በከርሞውም ያንን ዳገት ወጡት።

አባባ ቆብ ጫኑ፣ መነኮሱ። ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ ሲላቸውና ሌላ ቄስ ሲመጣ ቤታቸው አልተቀመጡም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ያ አርፋለች የተባለበት፣ በር ጠባቂው አባ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ሄደው ተቀመጡ። የታመመ ሰው ወሬ ይዞ የሚመጣ ሁሉ የሚያገኘው እሳቸውን ነበር። ማንም ቢሆን «አረፈ» ካለ እጁን ይይዙና «ልጄ፣ ሞተ ነው ወይስ ተኛ? በደንብ ንገረኝ» ይላሉ። ሰዉ እንደ እርጅና ይቆጥርባቸው ነበር። ደግመው ሳያጣሩ መልእክት አሳልፈው አያውቁም። እኔም ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ሥራዬ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መቀመጥ ነው፤ ከንፈር አርሳለሁ፣ ቄስ እጠራለሁ። ወሬ ሲኖረኝ ግን በሰው አልክም፤ ራሴ ሄጄ ነው የምናገረው።

አባባ ራሳቸው የሄዱት ቆርበው በመጡበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋደም እንዳሉ ነው። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ጋሼ እንድሪስ አርጅቷል፤ አጥሩን ይዞ ፊቴን አየኝ።

«አባባ አርፈዋል» አልኩት።

«በናንተ ነው በኛ?» አለኝ።

ወደ ውስጥ ዞሬ አየኋቸው። እብጠቱ የከረመው እግራቸው ተዘርግቷል፤ መቋሚያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«በሁለቱም ጋሼ እንድሪስ» አልኩት።